ጎፈሩን የተላጨ አንበሳ

እኔ ድመት አልወድም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ከአምቦ በስተ ምዕራብ ባለችው እጃጂ ያገለገልኩባቸው ዓመታት በተነሱ ቁጥር ሰው የሚያነሳኝ ከድመት ጋር ነው። ስንት ሴት አዋልጃለሁ፣ ስንት የማጭድ ቁስል ሰፍቻለሁ፤ ያንን የሚያስታውስ የለም። ጡረታ ወጥቼ አምቦ ከተቀመጥኩ በኋላ እንኳ የዚያ አገር ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጉልበቴን እንዴት እንዳደረገኝ ሳይጠይቅ «ያ ድመትስ?» ይለኛል። ተናድጄ ሰላምታውን ሳልመልስ ያለፍኩበት ቀን አለ።

ድመት ስል አይጥ የሚይዘውን ማለቴ አይደለም። የኔው ድመት በኮምፔርሳቶ ላይ በቀለም የተሳለ፣ አይጥ ቢመጣበት ቀድሞ የሚሸሽ የሚመስል ጅላጅል ፍጥረት ነበር።

ጊዜው የአብዮቱ ዘመን፣ የሕፃናት ክትባት በየገጠሩ የተጀመረበት ወቅት ነው። ክሊኒካችን ሁለት ክፍል፣ አንድ በላምባ የሚሠራ ፍሪጅና አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበረው። እኔ ጤና ረዳት ነበርኩ። ረዳት የተባልኩት በወረቀት ነው፤ የምረዳው ሰው ስላልነበረ ዋናውም ረዳቱም እኔው ነበርኩ። ከበላይ «እናቶችን የሚስብ ሥዕል በየክሊኒኩ በር ላይ ይሰቀል» የሚል ትእዛዝ መጣ። ሠዓሊ ግን አልመጣም፤ ትእዛዝ በኛ አገር ብቻውን መጓዝ ይወዳል።

አምቦ ሄጄ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚስል ሰው አገኘሁ። የፈለግሁት ቀላል ነገር ነበር፤ የምትስቅ እናትና ጉንጩ የሞላ ሕፃን። ሠዓሊው ሰው አልስልም አለኝ። እናት ከሳለ ከተማው ሁሉ የማን ሚስት እንደምትመስል ሲመራመር ይከርማል፣ ከዚያ ባልየው ዱላ ይዞ ይመጣል፤ ከዚህ በፊት ደርሶበታል። እሱ የሚያውቀው አንበሳ ነው። ከአብዮቱ በፊት በየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንበሳ ሲስል ኖሯል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይስለዋል። የተከተበ ልጅ እንደ አንበሳ ይጠነክራል ብለህ ጻፍበት ብሎ መከረኝ። ነገሩ ልክ መሰለኝና አሳልኩት። ሲያልቅ ቆንጆ ነበር፣ ልክድ አልችልም። ደረቱን የነፋ፣ ጎፈሩ የተንዠረገገ፣ ቀኝ የፊት እግሩን ከፍ ያደረገ አንበሳ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኜ አመጣሁ።

ያ ከፍ ያለ እግር ጉድ አፈላ። ሥዕሉ በተሰቀለ ሳምንት ሳይሞላው የአካባቢው ካድሬ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ይህ የማን አንበሳ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የክትባት ነው አልኩት። ንጉሡ ከወረዱ ዓመታት እንዳለፉ፣ አንበሳቸው ከየቢሮው በር ላይ የተፋቀው ለከንቱ እንዳልሆነ፣ እግሩን ያነሳ አንበሳ ደግሞ ባንዲራው ብቻ እንደቀረው ረዘም አድርጎ አስረዳኝ። ላወርደው ነው ስለው፣ የዘመቻ ሥዕል ማውረድ ዘመቻውን ማደናቀፍ ነው አለኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? «ይስተካከል» አለና ሄደ።

ሠዓሊው በጠዋቱ አውቶቡስ መጣ፤ በከሰዓቱ ሊመለስ ስለቸኮለ ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም። ጎፈሩን በቢጫ ቀለም ደፈነው። ያን ጊዜ ጭንቅላቱ ለገላው ትንሽ ሆነ። ጆሮዎቹ ጎፈሩ ውስጥ ተደብቀው ስለነበር አዲስ ሠራለት፤ አንዱን አናቱ ላይ፣ ሌላውን ወደ ማጅራቱ ጠጋ አድርጎ። ቁጣውን ለማጥፋት ቅንድቡን ሲያጠፋ ግራ ዓይኑ ተለቀ። አፉን በፈገግታ ዘጋው፣ አንዲት ክራንቻ ግን በምንም ቀለም አልደፈን አለችና ወደ ውጭ ቀረች። የተነፋው ደረት ቦርጭ ሆነ። የተነሳው እግር ላይ ሲደርስ ቀለም አለቀበት። በቃ፣ እንደተነሳ ቀረ፤ ሰው ሁሉ ሰላም እንደሚል።

ካድሬው ተመልሶ አየውና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት። ድመት መሆኑ የማያጠራጥር ነው፣ ድመት ደግሞ የማንም አርማ አይደለም ብሎ ሄደ። እኔ በሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ አየሁት። እንዲህ ያለ ቂል ፊት ከክሊኒክ በር በላይ ተሰቅሎ ማን ያክመኛል ብሎ ይገባል ብዬ ተናደድኩ።

ገቡ እንጂ! ችግሩ ማስቆሙ ሆነ። ሕፃናቱ እግሩን እያዩ እጃቸውን ያነሱለታል። የትምህርት ቤት ልጆች ራስ ምታት ያመማቸው እየመሰሉ ይመጣሉ፤ ራሱን የያዘው ልጅ ድመቱን አይቶ ሲስቅ ራስ ምታቱን ይረሳና ሆዴን ነው ይለኛል። ልጆቹስ ልጆች ናቸው፤ በገበያ ቀን ከገጠር የሚወርዱ አንድ ባለ ነጭ ሪዝ አዛውንት ነበሩ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለድመቱ «አካም ቡልቴ» ይሉታል፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። እኔ አጠገቡ ጋዋን ለብሼ ቆሜ ሳለ ለኔ ሳይሆን ባርኔጣቸውን መልሰው ይደፋሉ። ልጁን ሊያስከትብ ተሰልፎ ስለ ድመቱ ጠባይ የሚከራከረው ብዛቱ! አንዷ ሰነፍ ነው ትላለች፣ ሌላዋ የለም ሚስቱ ናት ያወፈረችው ትላለች። ፍሪጁ ላምባው ሊያልቅ እየተንተከተከ፣ መርፌው በድስት ውስጥ ፈልቶ እየጠበቀኝ፣ እኔ የድመት ትዳር እሰማለሁ።

አንድ ቀን መሮኝ ዘበኛውን፣ ይህ ሕዝብ በዚህ ጅል ምን አየበት ብዬ ጠየቅሁት። ሽማግሌው የዝንብ ጭራውን እያወዛወዘ አሰበና፣ ፊቱ ላይ ክፋት የለውም አለኝ። ክፋት ብቻ መቼ፣ አእምሮም የለው አልኩት።

«ይሁና» አለ፤ «የእርስዎ ፊት ግን መርፌው ሳይወጣ ይወጋል።»

የክፍሉን በር ጠርቅሜበት ገባሁ።

ሴትዮዋ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ወጣት ናት። ልጇን አዝላ፣ ከላዩ ነጠላ፣ ከነጠላው ላይ ደግሞ አሮጌ ጋቢ ደርባበት ስለነበር መጀመሪያ ጭድ የተሸከመች ነው የመሰለኝ። ስትገልጠው የልጁ ግንባር ጥላሸት ተቀብቷል፣ ጸጉሩ ተላጭቶ ከፊት አንዲት ቁንጮ ቀርታለታለች፣ የለበሰው የጆንያ ቁራጭ ነው። እሷ ግን ንጹሕ ለብሳለች። ድህነት አለመሆኑ ወዲያው ገባኝ። ዘበኛው ጠጋ ብሎ፣ ልጅ አልበረከተላትም፣ ከዚህ በፊት የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራለች ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። እንዲህ ያለች እናት ልጇን አታቆነጅም፣ አታመሰግንም፣ ስሙንም ሰው ፊት አትጠራም። ሞት የሚመኘው የሚወደድ ልጅ ነውና፣ ይህ የማይረባ ነው፣ የኔም አይደለም እያለች ታሳልፈዋለች።

ይህን ባህል አምቦ ስላደግሁ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ካርድ ላይ ስም መጻፍ አለብኝ፤ ስም ከሌለ የትኛው ልጅ የትኛውን ክትባት እንደወሰደ በምን አውቃለሁ? የልጁን ስም ጠየቅኋት። የለውም አለችኝ። ስም የሌለው ፍጥረት የለም አልኳት። ውጭ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። በኦሮምኛ ጠየቅኋት፣ በአማርኛ ጠየቅኋት፣ ለመንኳት፣ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ በዚያች ትንሽ አማርኛ ደግሞ ታላቁንም ታናሹንም አንተ ነው የምትለው። በመጨረሻ ቀና ብላ በተከፈተው በር በኩል ሰሌዳውን አየችና ጠየቀችኝ።

«እሱስ ስም አለው?»

«የለውም። ድመት ነው።»

«ኩኒስ አዱሬዳ» አለች ልጇን እየነካች። ይህም ድመት ነው ማለቷ ነው።

በንዴት ካርዱ ላይ «ድመት» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌም ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ታፍራለች ብዬ ነበር። ይልቁንስ ፊቷ በራ። ልጁን አቀረበችልኝ፣ ጭኑን ያዘችልኝ። ሕፃኑ ሲወጋ ጮኸ፤ ከዚያ እንባው ጉንጩ ላይ እንዳለ ውጭ ያለውን የማይረባ ፍጥረት አየና እጁን አነሳለት። ያቺ ሴት ልጇ ሲስቅ ፈገግታዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጇን ወደደችው እንዳይባል ነው። በየወሩ እየመጣች ቀጠለች፤ እኔም «ድመት!» ብዬ በተጣራሁ ቁጥር አቤት ትላለች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። እሷን ያዩ እናቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ስም ማስጻፍ ጀመሩ። አንዷ የድመት ታናሽ ወንድም ነው ትለኛለች። አንዷ መንታ ይዛ መጥታ ጥቁሩ ድመትና ቀዩ ድመት ብለህ ለይልኝ ትለኛለች። ልጅ ሞቶባት የማታውቅ እንኳ፣ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም ብላ ትጠይቀኛለች። የአብዛኛው ልጅ መልክ ተመሳሳይ፣ ጥላሸቱ ተመሳሳይ፣ ቁንጮው ተመሳሳይ! በክንድና በጆሮ ላይ ያለ ምልክት እየፈለግሁ ልጅ እለይ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ለጠላቴም አልመኝ።

ከአምቦ የመጣ ተቆጣጣሪ ካርዶቹን አገላበጠና፣ ጓድ፣ የእንስሳት ሕክምናው የት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ላስረዳው ሞከርኩ። ባህሉን ስነግረው አንተም ታምንበታለህ ወይ አለኝ፤ አላምንም አልኩት። ታዲያ እንግዲያው ለምን ትጽፋለህ? ብሎ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። ስሙ ያልታወቀ ልጅ እንዳይከተብ፣ ያ ሰሌዳም እንዲወርድ አዘዘ። ሰሌዳውን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ በኩል እፎይ ብዬ ነበር።

እፎይታዬ አልቆየም። ልጆቹ ባዶውን በር ሲያዩ ገና ከደጅ ማልቀስ ጀመሩ። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላም የሚሉት ሲያጡ፣ አሰራችሁት ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሷም በወሯ መጣች። ልጇ ዘጠኝ ወር ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ የኩፍኙ ክትባት በዘጠኝ ወር ነው የሚሰጠው፣ ያን ዕለት የፈለግሁት ቀኑን ልነግራት ብቻ ነበር። ከፊቷ የነበረችውን ሴት ስለ አዲሱ ትእዛዝ ስነግራት ሰማች። ተራዋ ሲደርስ በጆሮዬ ብትነግሪኝ ይበቃል ልላት አፌን ስከፍት፣ ልጇን መልሳ አዝላ፣ ካርዱን አግዳሚው ላይ ትታ ከግቢው ወጥታለች። ወጥቼ ተጣራሁ። ምን ብዬ ልጣራ? ስሟን አላውቀው፣ የልጇን አላውቀው። «ድመት!» እያልኩ መንገድ ላይ ጮህኩ፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየኝ፣ እሷ ግን ዞራ አላየችም።

ኩፍኝ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከምዕራብ የሚመጡ ሾፌሮች ወሬውን ቀድመው አመጡ፤ ቀጥሎ በሽታው ራሱ በዚያው መንገድ መጣ። ሰዉ ልጆቹን ጨለማ ቤት አስተኝቶ በሩን ዘጋ። ኩፍኝ መርፌ አይወድም ይላሉ፤ ሰው ቤት ድረስ ብሄድ ደጃፍ ላይ ያስቆሙኛል። አንዴ ከያዘው በኋላ እኔም ብዙ የማደርገው ነገር የለም። ማድረግ የምችለው ገና ያልያዘውን መከተብ ነው። ካልተከተቡት ሁሉ መካከል ደግሞ ከፊቴ የማይጠፋው ያ ባለ ቁንጮ ልጅ ነበር። የሴትዮዋን ቤት ዘበኛውን ብጠይቀው ከወንዙ ማዶ ነው አለኝ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰው የድመት እናት የት ናት ብዬ ብጠይቅ፣ የትኛዋ ይለኛል። የኔው የእጅ ሥራ ነው፤ አገሩን በድመት ሞልቼዋለሁ።

የገበያው ቀን ሲደርስ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን በአንድ እጄ ያዝኩ። ከዚያ መድኃኒት ቤት ገብቼ ያን የተረገመ ሰሌዳ ከግድግዳው አዞርኩት። እንደተለመደው ሰላም አለኝ። ዘበኛው በገመድ ከጀርባዬ ላይ አሰረልኝ። ጋዋን የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ፣ ጸጉሩ የሸበተ የመንግሥት ሠራተኛ ድመት አዝሎ ገበያ ወጣ።

ገበያው እንዴት እንደተቀበለኝ ባልናገር ደስ ይለኛል። ቅቤ ተራ ስደርስ ሴቶቹ ቅቤያቸውን ትተው ሆዳቸውን ያዙ። አንዱ ጎረምሳ፣ ሀኪሙ ድመት ሊሸጥ ወጣ፣ ስንት ትላለህ ብሎ ተከራከረኝ። ልጆች ከኋላዬ ተሰልፈው እጃቸውን እያነሱ ይከተሉኛል። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቶ በጌሾ ተራ፣ በሸክላ ተራ፣ በጨው ተራ ዞርኩ። ያሰረኝ ገመድ ትከሻዬን ሲቆርጠኝ ከስልጤ አገር የመጣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ አዘነልኝና ሰሌዳውን ከዳሱ ፊት፣ በጣቃዎቹ ላይ አስቆመልኝ። አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ እየከረረ፣ በረዶው ሳጥኑ ውስጥ እየቀለጠ ነው። መሳቂያ ሆኜ መመለሴ አላሳሰበኝም፤ ልጁ ሳይገኝ በረዶው ቢያልቅ ነው ያስጨነቀኝ።

መጀመሪያ ያየኋት እሷን አይደለም፣ ከጀርባዋ የወጣችውን ትንሽ እጅ ነው። እሷማ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ልታልፍ ነበር። ልጁ ግን ከአዘለችበት ጨርቅ እስከ ወገቡ ወጥቶ ወደ ሰሌዳው ተወርውሯል፣ ይጮሃል፣ እጁን ያነሳል፣ አንቀልባው እስኪላላ ይንፈራገጣል። ብትራመድ ይወድቅባታል። ቆመች።

ተነሳሁ። ገበያው ሁሉ እያየኝ፣ እንደ ክሊኒኩ ሰልፍ ጮክ ብዬ «ድመት!» አልኩ።

እሷም እንደ ድሮው «አቤት» አለች።

እንዳትሸሽብኝ እንደ ሰረቀ ሰው እየተቻኮልኩ ክንዱን በጥጥ አበስኩ። ግንባሩን ዳሰስኩ፤ ትኩሳት የለውም። ከጆሮው ኋላ፣ ከአፉ ውስጥ፣ በየቦታው ፈለግሁ፤ ሽፍታ የለም። መርፌውን ስወጋው የጮኸው ጩኸት ጤነኛ ነበር፤ እንዲያ ያለ ደስ የሚል ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። የሳቁት ሴቶች መሳቅ ትተው ልጆቻቸውን ማቅረብ ጀመሩ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እስኪያልቅ ድመቱን እያሳየሁ ወጋሁ። ሳጥኔን ስዘጋ እሷ አልሄደችም፤ ከነጋዴው ዳስ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

በእሷ ምክንያት አለቃዬ እንደተቆጣኝ ሰምታለች፤ ዘበኛው ሳይሆን አይቀርም የነገራት። ልጁ ደረቷ ላይ ተኝቷል። ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የዛሬውን ልሞላ እስክሪብቶዬን ይዣለሁ።

«ኦቦ ሀኪም፣ ስሙን ልንገርህ» አለችኝ። «ጻፈው።»

ወራት ሙሉ የለመንኩት፣ የጮህኩበት፣ የተሰደብኩበት ስም ነው። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። እኔ እንዳልጎዳ ብላ ያላትን ሁሉ አውጥታ ልትሰጠኝ ነው። እኔ የተማርኩትን አልረሳሁም። ክትባቱ በልጁ ገላ ውስጥ ጉልበት እስኪያገኝ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስም ግን ተጠራ አልተጠራ ኩፍኝን አይጠራም። ይህን ሺህ ጊዜ ለሰው አስረድቻለሁ። ያን ሰዓት ግን ከገበያው ማዶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጡ ጥቂት ሰዎች አየሁ። የሕፃን ሬሳ ቃሬዛ አያስፈልገውም፤ አንድ ሰው ብቻውን ታቅፎት ይሄዳል። ከፊት የሚሄደው ሰው ታቅፎ ነበር።

«አትንገሪኝ» አልኳት። እጄ አፏ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። «መጀመሪያ ይሄ ይለፍ። እስከዚያ ድመት ነው።»

ቀና ብላ ፊቴን አየችው።

«አንተም ፈራህለት?»

«ፈራሁለት» አልኳት።